ሽዋኖማ፦ ሰው የሚለው እና እውነታው

ክንድ ላይ አንዲት እብጠት ትወጣለች። አንዱ «ንፍፊት ነው» ይላል። ሌላው «የስብ እጢ ነው፣ አትጨነቅ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጢ» ይልና ዝም ይላል። ከሦስቱም ሌላ ሊሆን እንደሚችል ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ነርቮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ አላቸው። ልባሱን የሚሠሩት ሴሎች በጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን ስም ይጠራሉ። ከእነሱ የሚነሳው እጢ ሽዋኖማ ይባላል።

«የነርቭ እጢ የሚወጣው ጭንቅላት ውስጥ ነው»

በጣም የሚታወቀው በእርግጥ የመስሚያና የሚዛን ነርቭ ላይ የሚወጣው ነው። አንዱን ጆሮ ቀስ በቀስ ያደነቁራል፤ ጆሮ ውስጥ ይጮኻል። ነገር ግን የሽዋን ሴል ባለበት ሁሉ ሊበቅል ይችላል፤ ምላስ ላይ፣ ውስጥ እግር ላይ፣ ደረት ውስጥ ከአከርካሪ ጎን፣ ከሆድ ዕቃ ጀርባ። ጨጓራ ግድግዳ ላይም ይወጣል። የጨጓራው በምስል ከሌሎች የጨጓራ እጢዎች ጋር ስለሚመሳሰል፣ ማንነቱ የሚለየው ናሙናው በፓቶሎጂ (ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ) ሲመረመር ነው። የሚገርመው፣ የዓይን ነርቭን የሚለብሱት ሌላ ዓይነት ሴሎች ስለሆኑ እዚያ ላይ አይበቅልም።

«እጢ ከሆነ ካንሰር ነው»

አይደለም። ሽዋኖማ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። ወደ ካንሰር የሚለወጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

«ወጌሻ ቢያሸው ይሟሟል»

አይሟሟም። እባካችሁ አታሳሹት። የታሸው ነርቭ ነው፤ ትርፉ ሥቃይ ብቻ ነው።

«ከወጣ ነርቩ አብሮ ይቆረጣል፣ እጅ ሽባ ይሆናል»

ብዙ ሰው ከሕክምና የሚሸሸው በዚህ ፍርሃት ነው። ሽዋኖማ አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን ከረጢት ተሸፍኖ ከነርቩ ጎን ያድጋል፤ ጤነኞቹን የነርቭ ክሮች ወደ ዳር ይገፋቸዋል። ስለዚህ የለመደ ሐኪም በማጉያ እያየ ከረጢቱን ሰንጥቆ እጢውን ያወጣል፤ ባቄላ ከእሸቱ እንደመፈልፈል ነው። ነርቩ ይተርፋል። ለጊዜው የመደንዘዝ ወይም የመድከም ስሜት ሊኖር ይችላል፤ በጥቂቶች ላይ ሳይለቅ ይቀራል። (የጨጓራው ግን አይፈለፈልም፤ ከትንሽ የግድግዳው ክፍል ጋር ይወጣል።)

አደጋው ያለው «ስብ ነው» ተብሎ ሳይመረመር ሲቆረጥ ነው። ያኔ ነርቩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ታካሚው ራሱ ሊረዳ የሚችለውም እዚህ ላይ ነው። እብጠቷን በጣት መታ መታ ስታደርጓት ክርን ሲመታ እንደሚነዝረው ዓይነት ንዝረት ወደ ጣቶች ወይም ወደ እግር ይሄዳል? ወደ ግራና ቀኝ እየተንቀሳቀሰች ወደ ላይና ወደ ታች ግን እምቢ ትላለች? ለሐኪሙ ቢላ ከማንሳቱ በፊት ንገሩት። አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ይታዘዝላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ለልጆቼም ይተላለፋል»

አብዛኛው አንድ ብቻ ሆኖ፣ ያለ ዘር ምክንያት የሚወጣ ነው። ብዙ ከሆኑ፣ በሁለቱም ጆሮ ነርቮች ላይ ከወጡ ወይም ሰውየው ገና ልጅ ከሆነ ግን በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ የዘረ መል ችግር ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡም መታየት አለበት።

«ከተገኘ የግድ መውጣት አለበት»

ትንሽና የማያስቸግር ከሆነ በየጊዜው በኤምአርአይ እየታየ ሊቆይ ይችላል። በድንገት ማደግ ከጀመረ፣ ተኝታችሁም ካመማችሁ ወይም እጅ እግር ከደከመ ግን ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ።