«ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ስለ መንገድ አደጋ ወሬ ተነስቶ አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ። «ሹፌሩ ፊት ቪዲዮ መከፈቱ ምንም አያመጣም። በጥናት ታይቷል። ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።» ማስረጃው ምንድን ነው ሲባሉ፣ ፒ-ቫልዩው (ከጥናት ውጤት ጋር የሚወጣ አንድ የስታቲስቲክስ ቁጥር፤ ትርጉሙ ከታች ይመጣል) ከ0.05 በላይ ነው አሉ። ክርክሩ እዚያው ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ስታቲስቲክስ ሳስተምር ያጋጥመኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብም ያጋጥመኛል። ተማሪ ሲጽፈው ነጥብ ያስቀንሳል፣ ይታረማል፣ ያልፋል። ሕዝብ ጭኖ በቁልቁለት የሚነዳ ሰው አምኖ ሲይዘው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

አማካይ ምንድን ነው፣ ሁለት አማካዮችን የሚያወዳድረው ቲ-ቴስት እንዴት ይሠራል ወደሚለው አልገባም። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የሚያሳስበኝ ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚነገረው ነው።

ፒ-ቫልዩ የሚመልሰው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው። ቪዲዮው በእውነት ምንም ተጽዕኖ ባይኖረው ኖሮ፣ በአጋጣሚ ብቻ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት የማየት ዕድላችን ስንት ነው? በቃ ይኸው ነው። «ተጽዕኖ የለም» የሚለው ሐሳብ እውነት የመሆኑ ዕድል አይደለም። የተጽዕኖው ትልቅነት መለኪያም አይደለም። ፒ-ቫልዩ ከ0.05 በታች ሲሆን ልዩነቱ «ጉልህ» ይባላል። ይህችን መስመር የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ያስቀመጣት ለሥራ ስለምትመች ነው። ተፈጥሮ ያሰመረችው ድንበር የለም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ-ቫልዩ የውጤትን መጠን ወይም አስፈላጊነት እንደማይለካ በግልጽ ጽፏል።

የሰሜን ሸዋን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ አለ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጭጋጉ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለው ነገር ይጠፋል። ሹፌሩ ወደፊት አይቶ «መኪና አይታየኝም» ቢል እውነቱን ነው። «መኪና የለም» ብሎ ለመቅደም ቢወጣ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ይጮኻል። ያንን የሚጮኸው ተሳፋሪ ስታቲስቲክስ ተምሮ አያውቅም። ግን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል።

ጭጋጉ በእኛ ሙያ የመረጃው መበታተን ነው። እንዲህ ባለ ጥናት የሚለካው የምላሽ ጊዜ፣ ማለትም ሰው ምልክት አይቶ ቁልፍ እስኪጫን የሚወስድበት ጊዜ፣ ደግሞ በባሕርዩ ጭጋግ የበዛበት ነው። አንድ ሰው፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በዚያው ደቂቃ ውስጥ አንዴ በ240 ሚሊሴኮንድ (የሴኮንድ ሺኛ) ይጫናል፣ ቀጥሎ በ410። መብራቱ ናሙናው፣ ማለትም የተለካው ሰው ብዛት ነው። 12 ሰው መለካት ጭጋግ ውስጥ በባጃጅ መብራት እንደ መሄድ ነው። «ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ማለትም «በዚህ ጭጋግ፣ በዚህ መብራት፣ አልታየኝም» ማለት ብቻ ነው። ከፊት ሲኖትራክ ከነተሳቢው ቆሞ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ባዶ ሊሆንም ይችላል። መብራታችሁ ይህን አይለይላችሁም። በተቃራኒው ትልቅ ፓውዛ ከተገጠመ መንገድ ላይ ያለች ጠጠርም ትታያለች። መታየቷ ግን አያተልቃትም። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ጭጋጉን ራሱን መቀነስ። አንዱን ሰው በቪዲዮም ያለ ቪዲዮም ለክቶ ከራሱ ጋር ማወዳደር ይህን ያደርጋል። በተፈጥሮው ፈጣን በሆነና ቀርፋፋ በሆነ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ከስሌቱ ይወጣልና።

ቁጥር እናስገባበት። ይህ ለማስረዳት ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው፤ የማንም ጥናት አይደለም። 12 ሰዎች ላፕቶፕ ፊት ይቀመጣሉ። አረንጓዴ ክብ ብቅ ስትል ስፔስ ባሩን ይጫናሉ። በአንዱ ዙር ስክሪኑ ጎን ባዶ ነው። በሌላው ዙር ጎን ላይ ቪዲዮ ይሄዳል። ያለ ቪዲዮ አማካዩ 310 ሚሊሴኮንድ፣ በቪዲዮ 355 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 45 ነው። የዚህ ልዩነት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከሰው ሰው የመበታተኑ መለኪያ) ደግሞ 90 ይሁን። በቲ-ቴስት ሲሰላ ቲ 1.73 ይወጣል፣ ፒ-ቫልዩው 0.11 ገደማ። እንግዲህ «ጉልህ ልዩነት አልተገኘም»።

አሁን ሁሉም ዘሎት የሚያልፈውን መስመር እንየው። የ95 በመቶው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ማለትም መረጃው የማይጣላቸው የልዩነት መጠኖች ክልል፣ ከ-12 እስከ 102 ሚሊሴኮንድ ነው። መረጃው ከዜሮ ጋር አይጣላም። ከ100 ጋርም አይጣላም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ100 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 1 ሜትር ከ67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዜብራ ላይ ያለ ሕፃን ከመኪናው ፊት ለመዳን ከዚህ ያነሰ ርቀት ሊበቃው ይችላል። ይህን ያህል ክፍተት የተወ ውጤት ይዞ «ምንም አያመጣም» ማለት መረጃው ያላለውን ማስባል ነው።

ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ 48 ሰው ቢለካስ? አማካይ ልዩነቱ ያው 45፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ያው 90። ቲ 3.46፣ ፒ-ቫልዩው 0.001 አካባቢ። ኢንተርቫሉ ከ19 እስከ 71። ቪዲዮው ያው ቪዲዮ ነው። የሰው ዓይንና ጣትም ያው ነው። ሰው ስለጨመርን ብቻ «የለም» የተባለው «አለ» ሆነ። አስተያየት ሰጪው ያንን ቁጥር ሲጠቅሱ ስንት ሰው እንደተለካ ቢናገሩ ኖሮ አድማጩ ራሱ መመዘን ይችል ነበር።

በሌላው ጫፍ 4,000 ሰው ተለክቶ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ያው 90 ሆኖ፣ ልዩነቱ 3 ሚሊሴኮንድ ቢሆን ፒ-ቫልዩው 0.035 አካባቢ ይወጣል። «ጉልህ» ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 5 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ተነስቶ «ስክሪን ገዳይ ነው» ብሎ መጮኽም ያው ስሕተት ነው።

«ታዲያ ተጽዕኖ የለም ለማለት ምን ያስፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ ደስ ይለኛል። መንገዱ አለ። መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ተቀምጦ መወሰን ነው። ለመንገድ ደኅንነት ከቁም ነገር የማይገባው ልዩነት ስንት ነው? ለምሳሌ 10 ሚሊሴኮንድ ብንል፣ ኢንተርቫሉ በሙሉ ከ-10 እስከ 10 ባለው ውስጥ መግባት አለበት። ያኔ «ተጽዕኖው ለቁም ነገር አይበቃም» ብንል ያስኬዳል። ይህ ደግሞ ብዙ ሰው መለካት ይጠይቃል። ቀላል ቢሆን ሁሉም ያደርገው ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን የምላሽ ጊዜ መረጃ የነካ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሳይናገር ማለፍ አይችልም።

ማጽዳት የሚሉት ነገር አለ። ተማሪው ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የራቀውን ሁሉ አውትላየር (ከሌላው ያፈነገጠ ቁጥር) ነው ብሎ ይሰርዛል። ከ100 ሚሊሴኮንድ በታች ያለውን ቢሰርዝ አልከራከረውም። ያ ሰው ክቧን አይቶ አልተጫነም፣ ቀድሞ ገምቶ ነው። በሩጫም ተኩስ በተሰማ ከ0.1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የተነሳ ሯጭ ቀድሞ እንደወጣ ይቆጠራል። የዘገየውን መሰረዝ ግን ያሳዝነኛል። ቀልብን የሚሰርቅ ነገር እያንዳንዱን ምላሽ እኩል በ45 ሚሊሴኮንድ አያዘገይም። ብዙውን ጊዜ ሰውዬው እንደ ወትሮው ይጫናል። ከዚያ አንዴ ዓይኑ ቪዲዮው ላይ ይቀራል፣ ምላሹ 1,400 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። አደጋው ያለው እዚያች አንድ መስመር ላይ ነው። እሷን «አውትላየር» ብሎ ሰርዞ የቀረውን ማማከል፣ የሚፈለገውን ነገር አውጥቶ ጥሎ አልተገኘም ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አማካይ ብቻውን አይበቃኝም። ሚዲያኑን (ምላሾቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ ያለውን) አሳዩኝ እላለሁ። ከሁሉ የዘገዩት አምስት በመቶዎቹ የት እንደደረሱ አሳዩኝ እላለሁ። የመረጃው ሥዕል ወደ ቀኝ ረጅም ጭራ አለው፤ ወሬው ያለው ጭራው ላይ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ጭራሽ ያልተጫነ ሰው የምላሽ ጊዜ የለውም። ኤክሴሉ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ክቧን ጨርሶ ያላያት ሰው ከስሌቱ ወጣ፣ ያያት ብቻ ተቆጠረ።

ናሙናውን ማብዛት የሚመስል ስሕተትም አለ። 12 ሰው እያንዳንዱ በሁለቱም ዙር 30 ጊዜ ቢጫን 720 መስመር ይሆናል። ይህ 720 ሰው አይደለም። የአንድ ሰው ምላሾች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። 720ውን እንደ ተራ ናሙና ቲ-ቴስት ውስጥ ቢከቱት ፒ-ቫልዩው ያለ አግባብ ሊያንስ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ልዩነት አውጥቶ በ12ቱ መሥራት፣ ወይም የሰውን ልዩነት የሚይዝ ሞዴል መጠቀም ያስፈልጋል።

ስለ መሣሪያውም ጥቂት ልበል። ተራ ስክሪን ምስሉን የሚያድሰው በሴኮንድ 60 ጊዜ ነው፤ በየ16.7 ሚሊሴኮንዱ ማለት ነው። ኪቦርዱም የራሱ መዘግየት አለው። ሁለቱም ዙር በአንድ ላፕቶፕ ከተሠራ ይህ በአብዛኛው እርስ በርስ ይሰራረዛል። ግማሹን በላፕቶፕ ግማሹን በስልክ ለክቶ ማወዳደር ግን አይሆንም። ሁሉንም ሰው መጀመሪያ ያለ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ በቪዲዮ መለካትም አይሆንም። በሁለተኛው ዙር እጁ ይለምዳል፣ ወይም ይደክመዋል። ግማሹ በቪዲዮ ይጀምር።

የላፕቶፕ ምላሽ ደግሞ የፍሬን ምላሽ አይደለም። እዚህ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተቀምጧል፣ ክቧም እንደምትመጣ ያውቃል። መንገድ ላይ እግር ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን ላይ ማረፍ አለበት፣ የሚመጣው ነገርም አይታወቅም። ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥም የሹፌር ምላሽ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያልፋል። የአሜሪካ መንገድ ነዳፊዎች ለማየትና ለመወሰን 2.5 ሴኮንድ የሚይዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ 45 ሚሊሴኮንዱን አንስቶ በቀጥታ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ መለጠፍም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ ለእኔም ለአስተያየት ሰጪውም እኩል ይሠራል።

ተማሪዎቼ ውጤታቸውን እንዲህ ብለው እንዲጽፉ ነው የምፈልገው። «በ12 ተሳታፊዎች ላይ ቪዲዮ ሲከፈት ምላሹ በአማካይ በ45 ሚሊሴኮንድ ዘግይቷል፤ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ-12 እስከ 102 ነው። ከ720 ሙከራዎች በ31ዱ ተሳታፊዎች አልተጫኑም፤ ከእነዚህ 24ቱ ቪዲዮ በተከፈተበት ዙር ናቸው። የዘገየ ምላሽ አልተሰረዘም። ናሙናው ትንሽ በመሆኑ ተጽዕኖ የለም ለማለትም፣ ተጽዕኖው ትልቅ ነው ለማለትም አይበቃም።» ፒ-ቫልዩውን መጨመር የሚፈልግ በቅንፍ ያስገባው።