የክሊኒካል ፋርማሲስት አገልግሎት አዋጭነት ምንድን ነው?

ክሊኒካል ፋርማሲስት የሚውለው መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ሳይሆን ዋርድ ውስጥ ነው። ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር ራውንድ ይወጣል (በሽተኞችን በየአልጋቸው እየዞረ ያያል)፣ የበሽተኛውን ካርድ ያገላብጣል፣ መድኃኒቱ ለዚህ ሰው፣ በዚህ መጠን፣ ለዚህን ያህል ቀን ያስፈልጋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዋጭነቱ የሚለካው ለዚህ ሥራ የወጣው ብር ስንት ጉዳት አስቀረ፣ ስንት የአልጋ ቀን አተረፈ ተብሎ ነው።

ከወረኢሉ ወደ ደሴ የመጡ፣ የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸውና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ እናት ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘላቸው እንበል። ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪን በጉበት ውስጥ እንዳይሰባበር ስለሚያግድ ደማቸው ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ድዳቸው ይደማል፣ ሽንታቸው ይቀላል፤ ሲብስም ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ሁለቱን መድኃኒቶች ካርዱ ላይ ጎን ለጎን ያየ ፋርማሲስት ሌላ አማራጭ መኖሩን ይጠይቃል፤ ከሌለ የዋርፋሪኑ መጠን እንዲቀነስና ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው የአይ.ኤን.አር. ምርመራ ቶሎ እንዲደገም ያሳስባል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራና የአንድ ምርመራ ዋጋ ነው። ካላየው ግን ደም መስጠት፣ ዋርፋሪንን የሚያከሽፈው ቫይታሚን ኬ፣ ተጨማሪ የአልጋ ቀናት ይከተላሉ።

አስቸጋሪው ነገር ያልደረሰ ጉዳት ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ስሌቱ በማነጻጸር ይሠራል። ፋርማሲስት መመደብ በዓመት 300,000 ብር ፈጅቶ 30 ከባድ ጉዳት አስቀረ ብለን ብናስብ፣ አንዱን ጉዳት ማስቀረት 10,000 ብር አስወጣ ማለት ነው። ያንን ጉዳት ማከም ከዚህ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ሆስፒታሉ በሽተኛውንም ገንዘቡንም አትርፏል።

በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ፋርማሲስት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ራውንድ ሲካፈል በመድኃኒት ትዕዛዝ ስህተት የሚመጣ፣ ሊቀር የሚችል ጉዳት በ66 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከ2001 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ደግሞ በፋርማሲስት አገልግሎት ላይ የወጣ 1 ዶላር፣ የጥናቶቹ መካከለኛ ውጤት ሲወሰድ፣ 4.81 ዶላር ጥቅም እንዳስገኘ ጽፏል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ ወሎ ማምጣት አይቻልም፤ ደመወዙም፣ የመድኃኒቱ ዋጋም፣ የአልጋው ወጪም ሌላ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስሌቱ ከማን ኪስ አንጻር ይሠራል የሚለው ነው። ከሆስፒታሉ በጀት ብቻ ከታየ ብዙው ትርፍ ይጠፋል። ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በመርፌ ሲወስድ የቆየ፣ ትኩሳቱ የወረደለትና መብላት የጀመረ በሽተኛ ወደ ክኒን ተዛውሮ ቀድሞ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ጥቅሙን በቅድሚያ የሚያየው ቤተሰቡ ነው። ከተንታ ወይም ከአማራ ሳይንት የመጣ አስታማሚ ደሴ ላይ ማደሪያና ምግብ ይከፍላል፤ ሆስፒታል ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ይገዛል፤ በመኸር ሰሞን ከሆነ አዝመራው ሳይሰበሰብ ይቀራል። ይህ ሁሉ ካልተቆጠረ አገልግሎቱ ከዋጋው በታች ይገመታል።

ፋርማሲስቱ በሰው እጥረት ተመልሶ ማደያ መስኮት ላይ ከተመደበ ግን የሚቀር ጉዳት የለም። ሐሳቡን ሐኪሙ ካልተቀበለውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ያቀረበው ሐሳብ፣ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱ፣ የተረፈው መድኃኒትና የአልጋ ቀን በዕለቱ መመዝገብ አለበት። በበጀት ሰሞን ለሆስፒታሉ ቦርድ የሚቀርበው ቁጥር የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው።