«እየዳኸ የሚመጣ ሶሻሊዝም»፦ የአሜሪካኖች አባባል ትርጉሙና አመጣጡ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ንግግር አይቀርም። «ይህ ምርጫ የሁለት ሰዎች ፉክክር አይደለም፤ የነፃነትና የሶሻሊዝም ምርጫ ነው» ይባላል። ብዙ ሰው ነገሩ በትራምፕ ዘመን የተጀመረ ይመስለዋል። ግን ዕድሜው ወደ መቶ ዓመት ይጠጋል። ከጀርባው ደግሞ አሜሪካኖች ሲቀባበሉት የኖሩት አንድ አባባል አለ፦ «እየዳኸ የሚመጣ ሶሻሊዝም»። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው የምርጫ ክርክሩን በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። (ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ትርጉሙን። አባባሉ የሚለው ይህን ነው፦ ሶሻሊዝም አሜሪካ ውስጥ በአብዮትና በታንክ አይገባም። በአንዲት ሕግ ይጀምራል። ሕጓም መልካም ትመስላለች። ለሽማግሌው ጡረታ፣ ለገበሬው መብራት፣ ለታመመው ሕክምና ትሰጣለች። በዓመቱ ሌላ ሕግ ይከተላል፤ ከዚያም ሌላ። ሕዝቡ አንድ ቀን ሲባንን መንግሥት ሁሉን ጨብጧል። እኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል ትዕግሥትን ማመስገናችን ነው። አሜሪካኖቹ ግን ያንን ቀስ ብሎ መሄድ ነው የሚፈሩት።

የአባባሉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። የሚናገረው ሰው ሕጉ በራሱ መጥፎ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ከሕጉ ኋላ ምን ይመጣል የሚለውን ብቻ ይናገራል። ተከራካሪው ደግሞ ገና ስላልመጣ ነገር ምን ብሎ ይመልሳል? ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በኋላም ሶሻሊዝሙ ካልመጣ «ገና እየዳኸ ነው» ማለት ይቻላል። በእኔ እምነት አባባሉን ይህን ያህል ዘመን ያኖረው ይሄ ነው።

አሁን ወደ አመጣጡ። ታሪኩን ለመከተል አንድ ወንዝ ብናውቅ ይበቃናል፤ የቴነሲ ወንዝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት አላባማ ውስጥ መስል ሾልስ በሚባል ቦታ በዚህ ወንዝ ላይ ግድብ መሥራት ጀመረ። ዓላማው ለፈንጂ የሚሆን ናይትሬት ማምረት ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ ግድቡ ቀረ። ታዲያ ማን ይያዘው? መንግሥት ራሱ መብራት እያመነጨ ይሽጥ ወይስ ለኩባንያ ይስጠው? መንግሥት ይያዘው ብሎ ለዓመታት የተሟገተው የኔብራስካው ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ ነው። ሰውየው ሪፐብሊካን ነበር። ያን ጊዜ ጉዳዩ ፓርቲዎቹን ዛሬ እንደምናያቸው ለሁለት አልሰነጠቃቸውም።

1928 ላይ ሪፐብሊካኑ ኸርበርት ሁቨርና የኒውዮርኩ ገዥ ዴሞክራቱ አል ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት ተፋጠጡ። ስሚዝ የውኃ ኃይል በሕዝብ እጅ ይቆይ ይል ነበር። ሁቨር ኦክቶበር 22 ቀን ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ቆሞ ንግግር አደረገ። አገሩ ከጦርነቱ በኋላ ምርጫ ቀርቦላት እንደነበር አስታወሰ። በአንድ በኩል ሰው በራሱ ክንድ የሚቆምበት የአሜሪካ ሥርዓት አለ፤ በሌላ በኩል ሰውን እንደ ልጅ የሚያሳድግ የአውሮፓ የመንግሥት ሶሻሊዝም አለ፤ ተቃዋሚዎቻችን ወደዚያ ሊመልሱን ነው አለ። መብራትንና እርሻን ነበር የሚያወራው። ስሚዝ ክሱን አጥብቆ ተቃወመ። ሁቨር ግን ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶች 40ውን ወሰደ። የዛሬው «ነፃነት ወይስ ሶሻሊዝም» የሚለው አቀራረብ እዚያ ንግግር ውስጥ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ይገኛል።

ሁቨር ቃሉን በሥራም ገፋበት። 1931 ላይ ኮንግረሱ መንግሥት መስል ሾልስን ይዞ መብራት እንዲሸጥ ሕግ ሲያወጣ በፕሬዚዳንትነት ሥልጣኑ ሽሮ መለሰው። በዚያ ወቅት ከአሥር የአሜሪካ የገጠር ቤቶች ዘጠኙ ያህል መብራት አልነበራቸውም። ኩባንያዎቹ ወደ ገጠር ገመድ መዘርጋት አያዋጣንም ይሉ ነበር። ከዚያ የኢኮኖሚው ውድቀት አገሩን አደቀቀው። በ1932 ምርጫ ሁቨር «ይህ የሁለት የመንግሥት ፍልስፍናዎች ፉክክር ነው» ብሎ ቢማጠንም 6 ክፍለ ግዛት ብቻ ቀናው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን ያዘ። 1933 ላይም የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባለውን የመንግሥት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በሰባት ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ግድብ ሠራ፣ ጎርፍ ገታ፣ መብራት አዳረሰ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። በእነዚህ ምርጫዎች ሁሉ እውነተኛ ሶሻሊስት ተወዳዳሪ ነበር። ዩጂን ዴብስ አምስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ቀርቧል። በ1920 ጦርነቱን ተቃውሞ በመናገሩ አትላንታ እስር ቤት ሆኖ ነው የተወዳደረው፤ ወደ 900 ሺህ ድምፅ አገኘ። ኖርማን ቶማስም ስድስት ጊዜ ሞክሯል። በ1932፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሥራ ፈትቶ በዳቦ ሰልፍ ላይ በቆመበት ዓመት፣ ያገኘው 2 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም አንድ ክፍለ ግዛት እንኳ አሸንፈው አያውቁም። ሶሻሊስት ነኝ ባዩን ሕዝቡ አልፎት ሄደ፤ ሶሻሊስት ነህ የሚባለውን ሩዝቬልትን ግን አራት ጊዜ መረጠው።

በጣም የሚገርመኝ የአል ስሚዝ ነገር ነው። በ1928 ሶሻሊስት ተብሎ የተከሰሰው ስሚዝ፣ ጃንዋሪ 1936 ላይ ዋሽንግተን ሜይፍላወር ሆቴል ውስጥ ተነስቶ ሩዝቬልትን በዚያው ክስ ከሰሰው። አንድ ዋና ከተማ ብቻ ነው ሊኖረን የሚችለው፣ ወይ ዋሽንግተን ወይ ሞስኮ አለ። ለአድማጮቹም የሩዝቬልትን ሥራ ከሶሻሊስት ፓርቲው ፕሮግራም ጎን አድርጋችሁ አነጻጽሩ አላቸው። ቂም ነው ይላሉ አንዳንዶች፤ ሌሎች ደግሞ ከልቡ ነው ይላሉ። እኔ ከልቡ ይመስለኛል። የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ አድጎ ነበር፤ ያንን አይቶ መስጋት ሞኝነት አይደለም። መራጩ ግን አልሰማውም። በዚያ ዓመት ሩዝቬልት ከ48ቱ 46ቱን ክፍለ ግዛቶች አሸነፈ።

«መዳህ» የሚለው ቃል የነገሠው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያኔ ፍርሃቱ የሚታይ ምሳሌ አግኝቶ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ የሌበር ፓርቲ በድምፅ ተመርጦ ባንኩን፣ የድንጋይ ከሰሉንና ባቡሩን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመንግሥት አደረገ። ምሥራቅ አውሮፓም በስታሊን እጅ ወደቀ። በ1950 ሪፐብሊካኖች የአገሪቱ ዋና የውስጥ ጥያቄ «ነፃነት ከሶሻሊዝም ጋር» ነው ብለው በይፋ አወጁ። በ1952 ሴናተር ሮበርት ታፍት በፓርቲው የእጩነት ውድድር በአይዘንሃወር ተሸነፈ። ሴፕቴምበር ላይ ሁለቱ ኒውዮርክ ውስጥ ቁርስ ላይ ተገናኝተው ታረቁ። ታፍት ሲወጣ የዘመቻው ዋና ጉዳይ ነፃነት በየመስኩ እየዳኸ ከሚገባው ሶሻሊዝም ጋር የሚያደርገው ትግል ነው አለ።

መልሱ ከዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ከትሩማን መጣ። በኦክቶበር 1952 ሲራክዩስ ከተማ ላይ ቆሞ ዝርዝሩን ጠራ። የሕዝብ መብራትን ሶሻሊዝም አሉት፤ ሶሻል ሴኩሪቲን፣ ማለት የመንግሥቱን የጡረታ ዋስትና፣ ሶሻሊዝም አሉት፤ ለገበሬ የዋጋ ድጋፍን፣ ለባንክ ተቀማጭ ዋስትናን፣ የሠራተኛ ማኅበርን ሶሻሊዝም አሉት። በእሱ አነጋገር ሶሻሊዝም ሕዝቡን ሁሉ ለሚጠቅም ነገር የሰጡት ስም ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ከዚህ የተሻለ መልስ አላነበብኩም። ጥንካሬው ስለ ፍልስፍና ማውራቱን ትቶ ሕጎቹን አንድ በአንድ በመጥራቱ ነው። ግን ምርጫውን አይዘንሃወር አሸነፈ።

አይዘንሃወር በጁን 1953 «እየዳኸ የሚመጣ ሶሻሊዝም» ሲል ጋዜጠኞች ምሳሌ ስጠን አሉት። የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን ጠራ። ያው ወንዝ ነው። ሆኖም አልሸጠውም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲን አስፍቶ ወደ 10 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰው አስገባበት። ለወንድሙ ለኤድጋር በጻፈው ደብዳቤም፣ ሶሻል ሴኩሪቲንና የሥራ አጥ ዋስትናን ለማጥፋት የሚሞክር ፓርቲ ከፖለቲካ ታሪካችን ይጠፋል አለ።

ይህን በ1964 የሪፐብሊካኖቹ እጩ ባሪ ጎልድዋተር በራሱ ላይ አየው። የቴነሲውን ድርጅት እንሽጠው አለ። የቴነሲ ክፍለ ግዛት በ1952፣ በ1956 እና በ1960 ሪፐብሊካን መርጦ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለሊንደን ጆንሰን ሰጠ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2013፣ የኦባማ አስተዳደር ድርጅቱን የመሸጥ ሐሳብ በበጀቱ ላይ ሲያነሳ ደግሞ የተቃወሙት የአካባቢው ሪፐብሊካኖች ናቸው። ድርጅቱ ዛሬም የመንግሥት ነው። ቴነሲም ዛሬ ሪፐብሊካኖች በሰፊው የሚያሸንፉበት ክፍለ ግዛት ነው።

በሕክምናም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1961 ተዋናዩ ሮናልድ ሬገን ለአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሸክላ ቀረጸ። ሶሻሊዝም በሕዝብ ላይ ከሚጫንባቸው የተለመዱ መንገዶች አንዱ ሕክምና ነው ይላል። ለአረጋውያን የመንግሥት የሕክምና ዋስትና የሚሰጠውን ሕግ ካላስቆምን አሜሪካኖች ነፃ የነበሩበትን ዘመን ለልጅ ልጆቻችን እያወራን እናረጃለን ብሎም ያስጠነቅቃል። ሕጉ ወጣ። ጆንሰን በጁላይ 1965 ሚዙሪ ሄዶ ትሩማን አጠገቡ ተቀምጦ ሜዲኬር የሚባለውን ይህን ሕግ ፈረመ። ሬገን ራሱ በ1980ዎቹ ስምንት ዓመት ፕሬዚዳንት ሲሆን ሜዲኬር አልፈረሰም።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ፤ ይህ አባባል ኢትዮጵያዊ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ይለያልና። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ብዙ አባቶችና እናቶች ሶሻሊዝምን በስሙ ያውቁታል። እኛ አገር አልዳኸም። ደርግ ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ኅብረተሰብአዊነትን አወጀ። በዚያው ወር ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ወረሰ። የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ሁሉም ስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ነው። የመሬቱን አዋጅ በእልልታ የተቀበለ ጭሰኛ ብዙ ነበር፤ ያንን መካድ አይገባም። ግን ማንም ድምፅ አልሰጠበትም፤ ማንም በድምፅ ሊሽረው አይችልም ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ቀይ ሽብር የቀመሰ ሰው «ሶሻሊዝም» ሲባል ቢደነግጥ በምንም አይፈረድበትም።

ግን ልዩነቱን ማየት ግድ ነው። ያው አባት ዛሬ ሜዲኬር ካርዱን ይዞ ነው ሐኪም ቤት የሚሄደው። ሶሻል ሴኩሪቲው በየወሩ ባንክ ይገባለታል፤ ለዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየሠራ የከፈለበት ነው። ሁለቱንም ኮንግረስ በድምፅ አወጣቸው፤ የሚቀጥለው ኮንግረስ በድምፅ ሊያነሳቸው ይችላል። ፍርድ ቤቱም ጋዜጣውም ተቃዋሚውም በቦታው አለ። እኔ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የደርግን ግፍ የሚያስታውስ ቁስል የአሜሪካ የሕክምና ሕግ ክርክር መቀስቀሻ ሲሆን ያመኛል። ግብሩ በዝቷል ማለት ይቻላል። አገልግሎቱ ደካማ ነው፣ መንግሥት አያገባውም ማለትም ይቻላል። ለነዚህ ሁሉ በቂ ክርክር አለ፤ የሙታኖቻችንን ስም መጥራት አያስፈልግም።

በዚህ ስሜት ብቻችንን አይደለንም። ትራምፕ በፌብሩዋሪ 2019 ለኮንግረስ ባደረገው ንግግር አሜሪካ መቼም የሶሻሊስት አገር አትሆንም አለ። በ2020 ባይደን «ሶሻሊስቱን ያሸነፍኩት እኮ እኔ ነኝ» እያለ ተከላከለ፤ በዴሞክራቶች የእጩነት ውድድር ያሸነፈውን፣ ራሱን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት የሚለውን ሴናተር በርኒ ሳንደርስን ማለቱ ነበር። ከኩባ፣ ከቬኔዝዌላና ከኒካራጓ የሸሹ ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት በፍሎሪዳው ማያሚ ዴድ ግን ዴሞክራቶች በ2016 ወደ 30 ነጥብ የነበራቸው ብልጫ ወደ 7 ወረደ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ያ ቃል ግን ድርሻ ነበረው። በ2024 ደግሞ የዴሞክራቶቹን እጩ ካማላ ሃሪስን ትራምፕ «ጓድ ካማላ» ይላት ነበር። በዚያው ዘመቻ ሶሻል ሴኩሪቲንና ሜዲኬርን አልነካም ብሎ ቃል ገብቷል።