የፖታሺየም ኪኒን አይፈጭም፤ «ቫይታሚን»ም አይደለም

«ትልቅ ነው፣ አይዋጥልኝም፤ ፈጭቼ በውሃ በጥብጬ እጠጣዋለሁ።» ስለ ፖታሺየም ክሎራይድ ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚሰማው የማያልቅ ነገር ይኸው ነው። ፍሮሴማይድ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉትን የሚያሸኑ መድኃኒቶች ለሚወስዱ፣ በሽንት የሚወጣውን ፖታሺየም እንዲተካ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ባለ 600 ሚሊግራሙ ኪኒን ሆን ተብሎ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ጨዉ፣ ማለትም ፖታሺየም ክሎራይዱ፣ ሰም መሰል ቀፎ ውስጥ ተሰግስጓል፤ አንጀት ውስጥ በሰዓታት ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ሲፈጭ ወይም ሲታኘክ ግን ያ ሁሉ ጨው ባንዴ አንድ ቦታ ያርፍና ጨጓራን ያቃጥላል፣ ሊያቆስልም ይችላል። በጉንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው ጋደም ማለትም ያው ነው፤ ኪኒኑ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁጭ ብሎ፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለመተኛት። ጨርሶ ካልተዋጠ በፈሳሽ የሚሰጥ ዓይነት ስላለ ሐኪሙ ይቀይረው እንጂ ሙቀጫ አይፈለግም።

«እንዳለ በሰገራ ወጣ።» የወጣው ባዶ ቀፎው ነው፤ ጨዉ ገብቷል። ሌላ አይደገምም።

«ሙዝ እየበላሁ ኪኒኑን ተውኩት።» በቁጥር ከሄድን መካከለኛ ሙዝ ወደ 11 ሚሊሞል (የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ ነው) ፖታሺየም አለው፣ ኪኒኑ 8። ታዲያ ሙዝ ለምን አይተካውም? የሚያሸና መድኃኒት ፖታሺየምን ብቻ ሳይሆን የጨዉን ሌላ ክፍል፣ ክሎራይድንም፣ ይዞ ይወጣል፤ ሙዝ ደግሞ ክሎራይዱን እምብዛም አይመልስም። ሙዙ ይበላ፣ ኪኒኑም ይወሰድ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ባለ 99 ሚሊግራም ፖታሺየም 2.5 ሚሊሞል ብቻ ነው፤ የታዘዘውን አይተካም።

«እንደ ቫይታሚን ነው፤ ቢበዛ ሽንት ያወጣዋል።» ጤነኛ ኩላሊት ካለ፣ አዎ። ኩላሊቱ የደከመ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ስፓይሮኖላክቶን ያሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ላይ ግን ደም ውስጥ ይከማቻል። ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ ከ6.5 ሲያልፍ የልብ ምት ሊዛባ፣ ልብም ሊቆም ይችላል፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ምልክት። ለግፊት ተብሎ የሚገዛው «ሶዲየም የሌለው ጨው»ም ብዙውን ጊዜ ይኸው ፖታሺየም ክሎራይድ ነው፤ ንጹሑ በአንድ የሻይ ማንኪያ ከስምንት ኪኒን አያንስም። ኪኒኑን እየዋጡ ወጥ ላይ እሱን መነስነስ መጠኑን ሳያውቁ ማብዛት ነው።

«በትክክል እወስዳለሁ፣ የደሜ ፖታሺየም ቁጥር ግን አይነሳም።» ማግኒዥየሙ ይመርመር። እሱ ካነሰ ኩላሊት የተሰጠውን ፖታሺየም መልሶ ያፈሰዋል።