ሂጅራ ምንድን ነው?

ሂጅራ የሚለውን የዐረብኛ ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ስደት» ይለዋል። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። «ተሰደደ» የሚለው ግሥ «ሰደደ» ከሚለው የወጣ በመሆኑ፣ ከተሰዳጁ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ አሳዳጅ ቆሞ ይታየናል፤ ሰውየው የሌላ ሰው ድርጊት የደረሰበት ነው። የዐረብኛው ሥር፣ «ሀጀረ»፣ በአንጻሩ መተው፣ መራቅ፣ የነበረን ትስስር መቁረጥ ማለት ሲሆን፣ ድርጊቱም የሚተወው ሰው የገዛ ራሱ ድርጊት ነው። በ622 ከመካ ወደ መዲና የወጡት ሙስሊሞች በእርግጥ ተሰድደዋል፤ ነገር ግን ታሪካቸውን ሲጽፉ ስም ያወጡለት ለተደረገባቸው በደል ሳይሆን ለቆረጡት ነገር ነው። ስለዚህ ሂጅራ ምን እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የተቆረጠው ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰባተኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ መካ ንጉሥ፣ ፖሊስም ሆነ የተደራጀ ፍርድ ቤት አልነበራትም። ከተማዋን የያዙት የቁረይሽ ጎሣ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ የሰውን ሕይወትና ንብረት የሚጠብቀው ዘመዱ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ቢገደል ደሙን የሚመልሱለት ወይም ካሣውን የሚቀበሉለት የጎሣው ሰዎች በመሆናቸው፣ ገዳዩ እጁን ከማንሣቱ በፊት የሚያስበው የሟቹን ዘመዶች ብዛት ነበር። ዘመድ የሌለው፣ ባሪያው፣ ከሩቅ አገር መጥቶ የተጠጋው ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ ጥላ አልነበረውም። የከተማዋ መቅደስ ካዕባ በውስጡና በዙሪያው በነበሩት ጣዖታት ምክንያት የብዙ የዐረብ ጎሣዎች መሳለሚያ ስለነበር፣ የከተማዋ ንግድ፣ ክብርና ሃይማኖት በአንድ ገመድ የተሳሰሩ ነበሩ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ570 ገደማ የተወለዱት በዚህ ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት፣ እናታቸው ደግሞ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ስለሞቱ፣ በመጀመሪያ አያታቸው ዐብዱል ሙጠሊብ፣ ቀጥሎ አጎታቸው አቡ ጧሊብ አሳደጓቸው። በ610፣ በረመዷን ወር፣ በሒራእ ዋሻ ውስጥ ሳሉ በመልአኩ ጅብሪል አማካይነት «አንብብ» የሚለው የመጀመሪያው የቁርኣን ቃል እንደወረደላቸው ሙስሊሞች ያምናሉ። የትምህርቱ እምብርት ተውሒድ ነበር፦ አላህ አንድ ነው፣ አጋር የለውም፣ ሰውም ከሞት ተነሥቶ ስለ ሥራው ይጠየቃል። በመጀመሪያዎቹ የመካ ምዕራፎች ውስጥ ይህ እምነት ከየቲም፣ ከድኻና ከሚዛን ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ የቲምን የሚገፈትር፣ ሚዛንን የሚያጎድል ሰው የፍርዱን ቀን እንደካደ ተቆጥሯል።

የቁረይሽ መሪዎች ነገሩ ከስብከት አልፎ መሠረታቸውን እንደሚነካ ለመገንዘብ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሰው በመጨረሻው ቀን ለብቻው የሚጠየቅ ከሆነ፣ የአባትና የጎሣ ስም ምን ይጠቅመዋል? ቅጣቱ በሁሉም ላይ እኩል ያልወረደውም በዚያው በጎሣ ሥርዓት ምክንያት ነው። ነቢዩን አጎታቸው ስለጠበቋቸው ሊገድላቸው የደፈረ አልተገኘም፤ ከአቢሲኒያዊት እናት የተወለዱት ባሪያው ቢላል ግን በጠራራ ፀሐይ በጋለ አሸዋ ላይ ተዘርግተው ትልቅ ድንጋይ በደረታቸው ላይ ይጫን ነበር፤ ሱመያ የተባሉት ሴትም በስቃይ ብዛት ተገድለው በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያዋ ሰማዕት ሆነዋል።

የመጀመሪያው ሂጅራ ወደ መዲና አልነበረም። ነቢዩ በ615 ተከታዮቻቸውን፣ በግዛቱ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለበት ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሻገሩ ነገሯቸው። በመጀመሪያ ዐሥራ አምስት ያህል ሰዎች፣ ከነቢዩ ልጅ ሩቀያና ከባለቤቷ ዑስማን ኢብን ዐፋን ጋር፣ ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፤ በኋላ የሄዱት ተጨምረው ቁጥራቸው ሕፃናቱን ሳይጨምር ከ80 በላይ ወንዶችና 18 ያህል ሴቶች ደረሰ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና አንድ ጓደኛውን በመካ ከሚሠራ ምርጥ ቆዳ ጋር ለንጉሡና ለመኳንንቱ እጅ መንሻ አስይዘው ላኩ፤ ጥያቄያቸውም ኮብላዮቹ ለዘመዶቻቸው እንዲመለሱ ነበር። ንጉሡ የሌላውን ወገን ሳልሰማ አልፈርድም ብለው ስደተኞቹን አስጠሩ።

በስደተኞቹ ስም የተናገሩት የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ናቸው። ቃላቸው በእስልምና የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ተመዝግቦ የቆየ ሲሆን፣ ጭብጡም ይህ ነው፦ ጣዖት የምናመልክ፣ በክት የምንበላ፣ ዝምድናን የምንቆርጥ፣ ጎረቤትን የምንበድል፣ ብርቱአችን ደካማችንን የሚበላ ሕዝብ ነበርን፤ አላህ ከእኛው መካከል መልእክተኛ ልኮ እርሱን ብቻ እንድናመልክ፣ እውነት እንድንናገር፣ አደራ እንድንጠብቅ፣ ዝምድናን እንድንቀጥል አዘዘን። «ዘመድ ቆረጡ» ተብለው የተከሰሱት ሰዎች ዝምድናን ቆራጮቹ እነማን እንደነበሩ በንጉሡ ፊት የመለሱበት ይህ ንግግር ለእኔ የሂጅራ ትርጉም ከሁሉ ይልቅ የሚገለጽበት ነው። ከዚያም ጃዕፈር ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ መጀመሪያ ሲያነቡ ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ እንዳለቀሱ፣ እጅ መንሻውንም መልሰው መልእክተኞቹን እንዳሰናበቱ ይተረካል። ሙስሊሞች እኒህን ንጉሥ ነጃሺ ይሏቸዋል፤ በኋላም እንደሰለሙና ሲሞቱ ነቢዩ በመዲና ሆነው በሌሉበት እንደሰገዱላቸው ያምናሉ። የአክሱም መንግሥት ግን ክርስቲያን ሆኖ የቀጠለ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ ትውፊት የንጉሡን መስለም አይቀበልም። ትግራይ ውስጥ ከውቅሮ አቅራቢያ ያለችው ነጋሽ ስሟንም መስጊዷንም ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዛ ይዛለች።

በመካ የቀሩት ሁኔታቸው ከፋ። የነቢዩ ጎሣ በኒ ሀሺም ለሁለትና ለሦስት ዓመት ከጋብቻና ከገበያ ታገደ። በ619 ባለቤታቸው ኸዲጃና አጎታቸው አቡ ጧሊብ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ፤ የጎሣው መሪነትም ለጠላታቸው ለአቡ ለሀብ ተላለፈ። ጥላው በዚህ ተነሣ።

መውጫው የተገኘው ከሰሜን ነው። በኋላ መዲና የተባለችው የስሪብ በተምር እርሻ የምትኖር የበረሓ ገነት ስትሆን፣ አውስና ኸዝረጅ የተባሉት ሁለት ጎሣዎቿ ለዓመታት ሲጋደሉ ቆይተው ደክመዋል፤ ከመካከላቸው ዳኛ ቢመርጡ ሌላው አይቀበለውም። ከእነርሱ የመጡ ተሳላሚዎች በመካ አቅራቢያ በዐቀባ ከነቢዩ ጋር ተገናኙ፤ በ621 ዐሥራ ሁለት ሆነው፣ በ622 ደግሞ 73 ወንዶችና 2 ሴቶች ሆነው ቃል ገቡ። ሁለተኛው ቃል ኪዳን ነቢዩን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን እንደሚጠብቁ ሊጠብቁ የገቡት ነበር፤ ማለትም ደም የማያገናኛቸው ሰዎች የደም ዘመድን ግዴታ በእምነት ምክንያት ወሰዱ። በዐረብ ምድር ይህ አዲስ ነገር ነበር።

ከዚህ በኋላ ሙስሊሞቹ በትንሽ በትንሹ ከመካ ወጡ። የመውጣቱን ዋጋ ከኡሙ ሰለማ ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። ከባላቸው ጋር ቀድሞ ወደ ሐበሻ ሄደው የተመለሱት እኒህ ሴት፣ ግመል ላይ ተቀምጠው ወደ የስሪብ ሊነሡ ሲሉ ዘመዶቻቸው መጥተው «አንተ ሂድ፣ ሴት ልጃችንን ግን አትወስድም» ብለው ባላቸውን አስቆሙት፤ የባልየው ዘመዶች ደግሞ ተቆጥተው ሕፃኑን ከእጃቸው ነጠቁ። ባል የስሪብ፣ እናት መካ፣ ልጅ ከአባቱ ጎሣ ዘንድ ቀሩ። ኡሙ ሰለማ ለአንድ ዓመት ያህል በየቀኑ ከከተማው ወጥተው እስኪመሽ ሲያለቅሱ ከቆዩ በኋላ ዘመዶቻቸው አዝነው ለቀቋቸው፣ ልጁም ተመለሰላቸው። ብቻቸውን በግመል ሲነሡ ያገኛቸው ዑስማን ኢብን ጦልሓ፣ በዚያን ጊዜ ገና ያልሰለመ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የግመሉን ልጓም ይዞ እስከ የስሪብ ዳርቻ አድርሷቸው ተመለሰ።

ነቢዩ ከመጨረሻዎቹ ወጪዎች አንዱ ነበሩ። ቁረይሾች ደማቸው በጎሣዎች ሁሉ ላይ እንዲበተንና በኒ ሀሺም ሊበቀሉት እንዳይችሉ፣ ከየጎሣው አንድ ወጣት መርጠው በአንድነት ሊገድሏቸው ተማከሩ። በዚያች ሌሊት የአጎታቸው ልጅ ዐሊ በአልጋቸው ላይ ተኝተው፣ እርሳቸው ከባልደረባቸው ከአቡበክር ጋር ወጥተው በሰውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ተሸሸጉ፤ ቁርኣን «አትዘን፤ አላህ ከእኛ ጋር ነውና» የሚለው በዚያ ዋሻ ለጓደኛቸው የተናገሩትን ነው። የአቡበክር ልጅ አስማእ ስንቅ አቀበለች፤ እረኛው ዓሚር በጎቹን እየነዳ ዱካ አጠፋ፤ መንገድ መሪያቸውም ሙስሊም ያልሆነ ታማኝ ሰው ነበር። ለያዛቸው 100 ግመል ቢታወጅም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በሴፕቴምበር 622፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 615 ዓ.ም. ገደማ፣ በየስሪብ ዳርቻ ያለችው ቁባእ ደረሱ። የስሪብ ከዚያ ወዲህ መዲና፣ ማለትም «ከተማ»፣ ተባለች።

በመዲና በመጀመሪያ የተሠራው የተቆረጠው ዝምድና መቀጠያ ነው። ነቢዩ ከመካ የወጡትን ሙሃጂሮችና የተቀበሏቸውን አንሷሮች ሁለት ሁለት እያደረጉ ወንድማማች አደረጉ። አንሷሩ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ የሀብታቸውን እኩሌታ ሊሰጡ ቢያቀርቡም፣ እንግዳው መርቀዋቸው «ገበያው የት እንደሆነ አሳየኝ» አሉ። ወንድማማችነቱ በመጀመሪያ እስከ መወራረስ ይደርስ ነበር፤ በኋላ ቁርኣን ውርስን ለሥጋ ዘመድ መልሶታል፤ በዚህም ደም ቦታውን አላጣም፣ የበላይነቱን ብቻ ተነጠቀ። የመዲና ሰነድ የሚባለው ውል አማኞቹን «ከሌሎች ሰዎች የተለዩ አንድ ኡማ»፣ ማለትም አንድ ማኅበረሰብ፣ ሲል፣ አይሁድ ሃይማኖታቸውን፣ ሙስሊሞችም ሃይማኖታቸውን ይዘው በአንድነት ከተማዋን እንዲጠብቁ ይደነግጋል። ከሦስቱ ትልልቅ የአይሁድ ጎሣዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ግን ብዙ ሳይቆይ ፈርሶ፣ ሁለቱ ተባርረዋል፤ የሦስተኛው ወንዶችም በ627 ተገድለዋል። የአምልኮው መልክም በዚሁ ከተማ ጸና፤ ቢላል አዛን፣ የሶላቱን ጥሪ፣ አሉ፣ ቂብላ የሚባለው የስግደት አቅጣጫ ከኢየሩሳሌም ወደ ካዕባ ዞረ፣ የረመዷን ጾም ታዘዘ፣ ዘካ የሚባለው የግዴታ ምጽዋት ሥርዓት ያዘ።

መካ በጥር 630 ያለ ብዙ ደም በተያዘች ጊዜ ነቢዩ «ከመካ መከፈት በኋላ ሂጅራ የለም» አሉ። የሚሸሽበት ምክንያት ስላበቃ ቃሉ ወደ ሥሩ ተመለሰ፤ በሌላ ሐዲሳቸውም ሙሃጂር ማለት አላህ የከለከለውን የተወ ሰው ነው ብለዋል።

የዘመን ቆጠራው የመጣው ነቢዩ በ632 ከሞቱ በኋላ ነው። ዐረቦች ዓመታትን የሚለዩት በድርጊት ስም ነበር፤ የነቢዩ የትውልድ ዘመንም የየመን ገዥ የነበረው አብረሃ መካን በዝሆን ሊወጋ ከመጣበት ዘመቻ የተነሣ «የዝሆን ዓመት» ይባላል። ግዛቱ ሲሰፋ ቀን የሌለው ደብዳቤ የአስተዳደር ችግር ስለፈጠረ፣ ኸሊፋው ዑመር በ638 ገደማ ሰሃቦችን፣ ማለትም የነቢዩን ባልደረቦች፣ አማከሩ። የነቢዩ ልደት ቀረበ፣ የወሕይ፣ ማለትም የቁርኣን መውረድ፣ መጀመሪያም ቀረበ፤ የተመረጠው ግን እውነትን ከሐሰት የለየ ነው የተባለለት ሂጅራ ነው። የዓመቱ መጀመሪያ ጉዞው የተፈጸመበት የረቢዑል አወል ወር ሳይሆን የተለመደው የሙሐረም ወር ሆኖ ስለቀረ፣ ቆጠራው የሚነሣው ከጁላይ 16 ቀን 622 ነው፤ ይህም ሐምሌ 22 ቀን 614 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዓመቱ የጨረቃ በመሆኑ 354 ወይም 355 ቀናት አሉት፤ ረመዷን በየወቅቱ የሚዞረውም ለዚህ ነው።

ቃሉ ከቆጠራው ጋር ረጅም መንገድ ተጓዘ። ቢዛንታይንና ፋርስ እርስ በእርስ በተዋጉበት ጦርነት ደክመው ስለነበር፣ የሙስሊሞች ሠራዊት ሶርያን፣ ኢራቅንና ግብፅን በዐሥር ዓመታት ውስጥ ያዘ። ወታደሮቹ በበስራ፣ በኩፋና በፉስጣጥ ከነቤተሰባቸው ሲሰፍሩ ያ መስፈር ራሱ ሂጅራ ይባል ነበር። በግብፅ የተገኘና ዛሬ በቪየና የሚገኝ፣ በግሪክኛና በዐረብኛ የተጻፈ የበጎች ደረሰኝ፣ ሃያ ሁለተኛውን ዓመት፣ ማለትም 643ን ይዞ እናየዋለን፤ በግሪክኛው በኩልም አዲሶቹ ገዥዎች የተጠሩት ከሙሃጂር በወጣ ስም ነው። ሠራዊቱ ፈጥኖ ቢሄድም እምነቱ በሕዝቡ መካከል የተስፋፋው በዝግታ ነበር፤ በግብፅም ሆነ በሶርያ ሙስሊሙ ብዙኃን እስኪሆን ድረስ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል።

ሐበሻ የቀሩት ሙስሊሞች ወደ መዲና የገቡት በ628፣ ወደ መዲና ከተደረገው ሂጅራ በሰባተኛው ዓመት ነበር። ከእነርሱ አንዷ የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ ነበሩ። ዑመር አግኝተዋቸው «በሂጅራ ቀድመናችኋል፤ ስለዚህ ለመልእክተኛው ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን» ቢሏቸው፣ አስማእ ተቆጡ። እናንተ ከመልእክተኛው ጋር ሆናችሁ የተራበውን ሲያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ሲያስተምሩላችሁ፣ እኛ በሩቅ በባዕድ አገር በፍርሃት ነበርን ብለው፣ ይህን ለነቢዩ ሳይነግሩ እህል ውኃ እንዳይቀምሱ ምለው ሄዱ። ነቢዩም ለእርሱና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለእናንተ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ አሏቸው። ከዚያ በኋላ ከሐበሻ የመጡት ሰዎች ይህን ቃል ከአፋቸው ሊሰሙ በየቡድኑ ወደ አስማእ ይመጡ ነበር።