ባኩቺ ምንድን ነው?

በሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ በአዩርቬዳ፣ ለለምጽ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋነኛው የባኩቺ ፍሬ ነው፤ ምስር የምታህል ጥቁር ፍሬ። አዘጋጁ በዝንጅብል ጭማቂ ወይም በላም ሽንት ለሰባት ቀን ይዘፈዝፋታል፤ ከዚያ አድርቆ ይፈጫታል። ዱቄቱ በዘይት ተለውሶ ይቀባል፤ የሚዋጥም አለ።

ለለምጹ ግን ፍሬዋ ብቻዋን ብዙም አትሠራም። በውስጧ ያለው ሶራለን የተባለ ንጥረ ነገር የሚነቃው የፀሐይ ብርሃን፣ በተለይ አልትራቫዮሌት ኤ የተባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር፣ ሲያገኘው ነው። ያኔ ቀለም አምራች ሴሎች ከፀጉር ሥር ተነሥተው ወደ ነጣው ቆዳ እንዲዘልቁ ይቀሰቅሳል። ለዚህም ነው ለውጡ፣ ከወራት በኋላ፣ በፀጉር ቀዳዳ ዙሪያ በጥቁር ነጠብጣብ የሚጀምረው። ፀጉሩ ራሱ የነጣበት ቦታ፣ ከንፈርና መዳፍ እምብዛም አይመለሱም። የጥንቶቹ የአዩርቬዳ ሐኪሞችም እነዚህኑ «አይድኑም» ብለው ለይተዋቸዋል፤ ያለ ማይክሮስኮፕ!

ብዙ ሰው የሚጎዳው በፀሐዩ መጠን ነው። የሶራለን ቃጠሎ በዕለቱ አይታይም፤ የሚብሰው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው። «ምንም አልሆንኩም» ብሎ በማግስቱ ፀሐይ ላይ የሚቆይበትን ደቂቃ የሚያበዛ ሰው ቆዳው ውኃ ይቋጥራል። ቁስሉ ደግሞ ራሱ አዲስ ለምጽ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ክትትል፣ በትንሽ ቦታና በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ተጀምሮ፣ በመካከሉ ቀናት ይታለፋሉ። ከፀሐይ ሲገቡ በሳሙና ታጥቦ በጨርቅ ይሸፈናል፤ የመኪና መስኮት አይከላከልም፣ አልትራቫዮሌት ኤ መስታወት ያልፋልና። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ፀሐዩ ስለሚበረታ፣ ለሕንድ ቆላ የተጻፈ ደቂቃ እንዳለ አይወሰድም።

የሚዋጠው ባኩቺ ጉበት እንደጎዳ የሕክምና ዘገባዎች አሉ፤ ነፍሰ ጡርና የጉበት ሕመምተኛ አይንኩት። አንድ የታወቀ የቅባት አሠራር ደግሞ ለአራት እጅ ባኩቺ አንድ እጅ ሃሪታላ ይጨምራል፤ ሃሪታላ አርሴኒክ ያለበት ቢጫ ማዕድን ነው። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ብልቃጥ መግዛት አያዋጣም።

ከሁሉ በፊት ነጩ ቦታ በጥጥ ሲነካ ይሰማው እንደሆነ ይታይ፤ ከደነዘዘ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። በፊት ቅባቶች ላይ የሚጻፈው ባኩቺኦልም ከዚሁ ፍሬ ይውጣ እንጂ ሶራለን አይደለም፤ ለለምጽ ተብሎ አይገዛም።