ፍሬዛል ቨርብ ምንድን ነው? ጣልያንኛ የለውም ያለውስ ማነው?

ፍሬዛል ቨርብ ማለት ግስ እንደ «አፕ» (ወደ ላይ) ወይም «አውት» (ወደ ውጭ) ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ እንደ አንድ ግስ ሲሠራ ነው። ከእንግሊዝኛ ለሚተረጉሙ «ጣልያንኛ ፍሬዛል ቨርብ ስለሌለው ለእያንዳንዱ አንድ ግስ ፈልጋችሁ ተኩ» የሚል ምክር ሰሞኑን እንደገና አየሁ። መካሪው ቲራሚሱ ቀምሶ አያውቅም ማለት ነው። «ቲራ» ሳብ፣ «ሚ» እኔን፣ «ሱ» ወደ ላይ፤ ኬኩ ራሱ ፍሬዛል ቨርብ ነው። «ሜተሬ ሱ ካዛ» ጎጆ መውጣት፣ «ፋሬ ፏሪ» መግደል። በጣልያንኛ «ቬርቢ ሲንታግማቲቺ» ይባላሉ፤ የቋንቋ ሊቁ ራፋኤሌ ሲሞኔ በ1990ዎቹ በሰፊው ጽፎባቸዋል።

ልዩነቱ የሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ግስ የታክሲ ሹፌር፣ «አውት» እና «አፕ» ደግሞ ወያላ ናቸው እንበል። «ሺ ራን አውት» ሲባል ከሹፌሩ የምናየው አነዳዱን ነው፤ መድረሻውን የሚጠራው ወያላው ነው። በጣልያንኛ ግን ሹፌሩ ራሱ ይጠራል፦ «ኡሺ ዲ ኮርሳ»፣ በሩጫ ወጣች። «ሮጣ ወጣች» ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ችግሩ «ጊቭ አፕ» (መተው፣ መሸነፍ) ላይ ነው። ወያላው ፒያሳ እያለ ታክሲው መገናኛ ይሄዳል፤ «አፕ»ን ሰምቶ «ሱ» የሚል ተርጓሚ ተሳፍሮ ይቀራል። ሲጋራ ከሆነ «ዝሜተሬ»፣ መብት ከሆነ «ሪኑንቻሬ»፣ እጅ መስጠት ከሆነ «አሬንደርሲ» ነው። «ኢት አፕ» ላይ ደግሞ ወያላው ቦታ አይጠራም፤ «ሞልቷል!» ነው የሚለው። ስለዚህ «ማንጃሬ ቱቶ»፣ ሙልጭ አድርጎ መብላት።

«ራን አውት»ን ቃል በቃል «ኮርሴ ፏሪ» ማለት አይቻልም አላልኩም፤ ይባላል።  

ተውሳከ ግስ ላይም ያው ነው። በእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ «ሊ» ባዩ ቁጥር የጣልያንኛ አቻውን «ሜንቴ» የሚለጥፉ አሉ። ሰዋስዉ አይከለክልም፤ ሦስት «ሜንቴ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲደረደር ግን ጣልያን ጆሮውን ይይዛል። ለ«ኳየትሊ» «ሶቶቮቼ» (በዝቅተኛ ድምፅ) መች አነሰው? «ኢቬንቹዋሊ»ን «ኤቬንቱዋልሜንቴ» ማለት ግን የጆሮ ጉዳይ አይደለም፤ «በመጨረሻ» የነበረው «ምናልባት ካስፈለገ» ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ኢቬንቹዋሊ ሺ ጌቭ አፕ» ተሸንፋ ከሆነ «አላ ፊኔ ሲ አሬሴ» ነው። ለፊልም የግርጌ ጽሑፍ ከሆነና ቦታ ከጠበበ «አላ ፊኔ»ንም እቆርጠዋለሁ።